የደርዘኑ ሁለት አንጓዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ ካርቶን ብርጭቆ ሰጠኝ። ብርጭቆው ስድስት ነው፤ ካርቶኑ ላይ «ግማሽ ደርዘን» ተብሎ ተጽፏል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተከፈተ። እኔም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አዲሱን ቀሚሴን እያስተካከልሁ ፈገግ እል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

ከዚያ ሰሚራ የካርቶኑን ጽሑፍ አየችና «ግን ደርዘን የምን ቃል ነው? አማርኛ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሰሚራ በእኔ ቦታ የተተካች፣ ኮምፒውተር የተማረች፣ ከወሎ የመጣች ትሑት ሠራተኛ ናት፤ በሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አዳራሹ ውስጥ በነበረው ሰው ነው። አለቃው ሳይቀር ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። በሩ አጠገብ እማዋይሽ ተቀምጣለች። እማዋይሽ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ጡረታ ወጥታ ያን ቀን በእንግድነት የተጠራች ናት። የዕለቱ ሰው እኔ ነኝ፤ ጋቢው የተሰጠው ለእኔ ነው፤ ጥያቄው ግን ወደሷ ሄደ።

እሷም እንደ ልማዷ ሳቅ ብላ «ኧረ ጥሩዓለም እያለች! እሷን ጠይቋት» አለች።

ይኸ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖርሁበትን ቃል እሷ አንስታ በእጄ ላይ አኖረችልኝ። ለለመነ ሰው ቁራሽ እንደሚሰጥ።

ቀናተኛ ነኝ። አንባቢ እያዘገመ ከሚደርስብኝ እኔው አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ብዕር ሳነሣ፣ ስለ ካርቶንና ስለ መደርደሪያ የምጽፍ መስሎኝ ነበር። ሦስት ገጽ ጽፌ ሳነበው ሁሉም ስለ እማዋይሽ ሆኖ አገኘሁት። ቀደድሁት። እንደገና ጻፍሁ፤ እንደገና እሷው። እንግዲህ ይሁን ብያለሁ።

የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው። ሁለታችንም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥራ ስንፈልግ ነበር። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ደብተር፣ ጠመኔና እርሳስ የሚያከፋፍል ነበር ካልሁ ይበቃል። ከቢሮው ጀርባ ረዥም የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ግምጃ ቤቱ እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው አጠገብሽ ያለ ሰው እንኳ አይሰማሽም። የዚያ ቤት ቁልፍ በጋሼ ይሁኔ ወገብ ላይ ነበር።

ጋሼ ይሁኔ በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ሲማር ያደገ፣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቀምሶ ወደ መንግሥት ሥራ የገባ ሰው ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዓመት እስከ ዓመት ያችኑ ሰማያዊ ጋዎን የማያወልቅ። ያን ቀን ገና ስማችንን ሳይጠይቅ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይኸ ስንት ነው?» አለ።

«ደርዘን» አልሁ ቀድሜ።

«ደርዘንስ ስንት ነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ከየት መጣ ቃሉ?»

እኔ ሲባጎውን መነካካት ጀመርሁ። እማዋይሽ ሳቀች፤ እሷ ሳታውቅም ትስቃለች።

«ቃሉ የኛ አይደለም» አለ ጋሼ ይሁኔ። «ከባሕር ማዶ ነጋዴ ለነጋዴ ሲቀባበለው መጥቶ ነው ገበያችን የገባ። ሥሩን ስትፈልጉት የጥንት ሮማውያን ዘንድ ትደርሳላችሁ። ሁለትና ዐሥር ማለት ነው። እንዲህ ያለኝ ያስተማረኝ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። እኔም በግእዙ ምን እንደምንል ነገርሁት። ዐሠርቱ ወክልኤቱ፤ ዐሥርና ሁለት። እነሱ ሁለቱን አስቀደሙ፣ እኛ ዐሥሩን አስቀደምን። ሁለቱን ግን የጣለ የለም።» ቀጥሎ ሁለቱን እጆቹን ዘረጋና ጣቶቹን አወናጨፈ። «ዐሥሩንማ ይኸው፣ ማንም ጣቱን ዘርግቶ ይቆጥረዋል። ግምጃ ቤት ጠባቂ የሚባል ሁለቱን የጠበቀ ነው።»

ከዚያ አቆጣጠሩን አሳየን። ቀኝ እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ትንሿ ጣት ግርጌ ላይ አኖረ። አንዷ ጣት ሦስት አንጓ አላት። አራት ጣት ሲሆን ዐሥራ ሁለት። አውራ ጣት አንጓ ላንጓ እየሄደች የአመልካች ጣት ጫፍ ስትደርስ ደርዘን ሞላ። ቤተ ክርስቲያን ኪርያላይሶን ሲባል ሰው ሁሉ በጣቱ አንጓ እንደሚቆጥረው ማለት ነው። ግራ እጁ ደብተሩን እየገለበጠ፣ ቀኝ አውራ ጣቱ እየተራመደ፣ አፉ እያወራ፣ ዓይኑ በር በሩን እያየ፤ አይሳሳትም።

እኔ ደብተሬን አውጥቼ «ደርዘን፣ ዐሥርና ሁለት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርሁበት። እማዋይሽ እጇን ዘረጋች። የእኔና የእሷ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ነው።

በሳምንቱ እማዋይሽ ካርቶን በማንሣት ብቻ ሙሉ መሆን አለመሆኑን ታውቅ ጀመር። ጋሼ ይሁኔ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የዚች ልጅ እጅ ይሰማል» ይል ነበር። እኔንም አልረሳኝም፤ «የጥሩዓለም ጽሕፈት የብራና ጽሕፈት ነው» ይላል፣ መዝገቤንም ገልጦ ያሳያል። እኔ ግን ይኸን ማጽናኛ አድርጌ ወሰድሁት። ለሷ እጇን፣ ለእኔ እርሳሴን። እቤቴ ገብቼ ስንት ጊዜ በአተር፣ በባቄላ፣ በድንጋይ ጠጠር አንጓዬን ላለማምደው! ቆጠራውን ለመድሁት፤ የእጅ መስማቱ ግን አልመጣልኝም።

ስለ ጋሼ ይሁኔ ልማድ ካነሣሁ ጥቂት ልጨምር። ሲቆጥር ሰላምታ አይቀበልም፤ ሚኒስትር ቢመጣም አውራ ጣቱ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ከመቁጠሩ በፊት እጁን ይታጠባል፤ ቅባት ያለው ጣት ሁለት ቅጠል አጣብቆ አንድ ያደርጋል ይል ነበር። ሲባጎ ሲያስር ቋጠሮውን ሁልጊዜ በግራ በኩል ያደርገዋል፤ ቋጠሮው በቀኝ የሆነ እስር ካየ ሌላ ሰው እንደ ነካው ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ የማያጎድለው ሥርዓት ነበረው። ዕቃ የሚረከብ ሰው፣ ርእሰ መምህርም ይሁን ዘበኛ፣ እዚያው በራሱ ጣት ቆጥሮ ካልተቀበለ ከበሩ አይወጣም። የታሸገም ቢሆን ይከፈታል። «እኔን ማመን ኃጢአት ባይሆንም ሥራ አይደለም» ይላል። ሞዴል ዐሥራ ዘጠኝና ሞዴል ሃያ ሁለት፣ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው ማለቴ ነው፣ የሚሞሉት ከዚያ በኋላ ነው። ርእሳነ መምህራኑ ጠመኔ በነካው እጃቸው እየቆጠሩ ያጉረመርሙ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጎድሎብናል ብሎ ከመንገድ የተመለሰ አላየሁም።

በስምንተኛው ዓመት ደጀን ያለው ትንሽ መጋዘን ሰው ጎደለውና አለቃው ከሁለታችን አንዷን ላክ አለው። ጋሼ ይሁኔ እኔን ላከኝ። «ጽሕፈት የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው» አለ። ደጀን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ተቀመጥሁ። ዓባይን ወጥቶ የመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ፍሬኑ እየሸተተ እፊታችን ይቆማል፤ ሾፌሮቹ ካርቶን እየወረወሩ «ቶሎ በይ እቴ!» ይላሉ። እንደ ጋሼ ይሁኔ ልቁጠር ብል መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ካርቶን ቆጥሬ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምኜ መፈረም ለመድሁ። ፈጣን ሆንሁ። የደጀኑ አለቃ ፊርማ እንጂ ሌላ ነገር አይወድም ነበርና አመሰገነኝ። እኔ ግን ምስጋናው አልጣመኝም። ማርቆስ ላይ እማዋይሽና ጋሼ ይሁኔ ለሁለት ሆነው ቤቱን ሲያዙበት ይታየኝ ነበር። ስልክ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ከኋላ ዝናብ ሲመታው ከሚሰማ የቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ይመጣል፤ ጣሪያው ሳይቀር ያስቀናኝ ነበር።

ወደ ማርቆስ የተመለስሁት ጋሼ ይሁኔ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ቁልፉ ከሁለታችን ለአንዳችን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። እኔ ያን ቁልፍ እንደ ፈለግሁት በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር የለም። ሹመት ሆኖ አይደለም። ጋሼ ይሁኔ ከወገቡ ፈትቶ ለሷ ሲሰጥ ቆሜ ማየቱን አልችልም ነበር።

ያን ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና መልስ በማሽን ይታረማል ተባለ። ማሽኑ ጠቆር ያለ እርሳስ ካልሆነ አያነብም፤ እስክሪብቶ አይሆንም። በገጠር ሱቅ እንዲህ ያለ እርሳስ ስለሌለ መሥሪያ ቤቱ ገዝቶ እንዲያከፋፍል ታዘዘ። እርሳሱ በትንንሽ ፓኬት ታሽጎ፣ ፓኬቱ በካርቶን ተሞልቶ መጣ። የእርሳስ ፓኬት ደርዘን ነው፤ ሁልጊዜም ደርዘን ነበር። እኔ ካርቶኑን ተረክቤ፣ ፓኬቱን ቆጥሬ፣ በመዝገቤ ላይ በዚያ በብራና ጽሕፈቴ «ደርዘን» እያልሁ ጻፍሁ።

በዲማ መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወርደው ብዙ በእግር የሚሄዱበት፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ትምህርት ቤት አለ። የአካባቢው ልጆች ከአራት ትምህርት ቤት ተሰብስበው የሚፈተኑት እዚያ ነበር። ርእሰ መምህሩ መምህር አንማው ይባላል፤ ትዕግሥተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰው። እርሳሱን ሊረከብ የመጣ ቀን ጋሼ ይሁኔ ለቅሶ ሊደርስ ደብረ ወርቅ ሄዶ ነበር። ቤቱ በእኛ እጅ ነው። እኔ ሃያ ፓኬት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁ። ተፈታኙ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው፤ ሃያ ደርዘን ሁለት መቶ አርባ ይሆናል፤ ዘጠኝ ትርፍ።

እማዋይሽ አንዱን ፓኬት አነሣችና በእጇ መዘን አድርጋ «ጥሩዓለም፣ ይኸ ነገር ቀለለኝ» አለችኝ።

መልሴን ዛሬም እሰማዋለሁ። «እጅሽ ሁልጊዜ እንደ ሰማ ይኖራል? የታሸገ ዕቃ ነው!» አልኋት። መምህር አንማው ፊት ነው ያልሁት። ቁልፉ ሊሰጥ ጥቂት ወር በቀረበት ጊዜ እኔን በሰው ፊት ልታሳንሰኝ ፈልጋ መሰለኝ። ፊቷ ቀላና ፓኬቱን መልሳ አስቀመጠች።

መምህር አንማው እንደ ለመደው እጁን ዘርግቶ ሊቆጥር ሲል «የለም መምህር፣ አይክፈቱት፤ የፈተና ዕቃ ስለሆነ እስከ ፈተናው ጠዋት እንደ ታሸገ ይቆይ» አልሁት። እንዲህ የሚል መመሪያ አልነበረም፤ እዚያው ያመጣሁት ነው። አለቃ አለቃ ይሸት ነበር፤ ደስ አለኝ። እሱም «እሽ፣ እንዳልሽው» አለና ማሰሪያ ገመድ ሊያመጣ ወጣ። እኔ ወረቀቱን ላስፈርም ወደ ቢሮ ሄድሁ። ስመለስ ፓኬቶቹ እንደ ነበሩ ናቸው፣ እማዋይሽ ጠመኔ እየደረደረች ነው። ተጫነ፣ ሄደ።

ከፈተናው በኋላ መምህር አንማው ተመልሶ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አኖረ። አንደኛው ባዶ የእርሳስ ፓኬት ነበር፣ ሁለተኛው በመሐረብ የታሰረ ግማሽ ግማሽ የሆነ እርሳስ።

«ፓኬቱ ዐሥር ነው የሚይዝ» አለ። «ጠዋት ልጆቹን አስቀምጠን ስንከፍተው ሠላሳ አንድ ልጅ ባዶ እጁን ቀረ። በምላጭ ለሁለት ለሁለት እየቆረጥን አደልን። ያን ስንቀርጽ ጊዜው ሄደ። አንዳንዱ ሲቆረጥ ውስጡ ተሰብሮ ኖሯል። አንዲት ልጅ በቀረጸች ቁጥር ጫፉ እየወደቀባት፣ እየወደቀባት… ወረቀቷን ስሰበስብ ከግማሽ በታች ነበር ያጠቆረችው። ደኅና ተማሪ ናት። አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ አድርጋ ሰጠችኝ።»

ጋሼ ይሁኔ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ከመደርደሪያ ያልተከፈተ ፓኬት አወረደ፤ ቀደደ። አውራ ጣቱ ከትንሿ ጣት ግርጌ ተነሣች። ትንሿን ጨረሰች፣ የቀለበቷን ጨረሰች፣ መሐሏን ጨረሰች፣ ወደ አመልካች ጣት ተሻገረችና የመጀመሪያዋ አንጓ ላይ ቆመች። እርሳሱ አለቀ። ሁለት አንጓ ባዶ ቀረ። እጁን እንደዚያው እንደ ያዘ ወደኛ ዘረጋውና ብዙ ጊዜ አየን።

እማዋይሽ ቀድማ ተናገረች። «ቀሎኝ ነበር ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀሎኛል ብላ ነግራኝ እንደ ነበር አልተናገርሁም። «አትክፈቱት» ያልሁ እኔ እንደሆንሁም አልተናገርሁም። መምህር አንማው ወደኔ አየ፤ ሰው ማጋለጥ አይወድምና ዓይኑን ሰበረ።

«አንችስ ጥሩዓለም?» አለ ጋሼ ይሁኔ።

«እኔማ የጻፍሁት ፓኬቱን አምኜ ነው» አልሁ።

ሌላ አልጠየቀኝም። በወሩ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አለቃው ነው የወሰነው፤ በአንደበቷ ጥፋተኛ ነኝ ያለችን ሰው እንዴት እንሾማለን ብሎ። ጋሼ ይሁኔ ቁልፉን ከወገቡ ሲፈታ ቋጠሮው አስቸገረውና ቆይቶ ፈታው። «ሁለቱን ጠብቂ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የቆርቆሮው ቤት አዛዥ ሆንሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፤ አንዱ ግድግዳ ማስቀባት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም እሽግ ሳይከፈት ከበር አላወጣሁም፤ ሰውን እያስቆጠርሁ አስመረርሁት። ደኅና ሠራተኛ ወጣኝ። ግን እማዋይሽን ባየኋት ቁጥር ቅናቴ ይነሣ ነበር። ቁልፉ በእኔ ወገብ፣ ሰው ግን ሰላም የሚላት እሷን አስቀድሞ ነው። ካርቶን አንሥታ «ይኸ ሁለት ጎድሎታል» ስትል አሁንም ልክ ናት። ይኸ ሁሉ ሆኖ ከሁሉ ያስቀናኝ ያ ቃሏ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው ያለችው። እኔ ያጠፋሁትን እሷ ተሸከመችልኝ ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ያለ ቸርነት ለእኔ ለምን አልተሰጠኝም? ጥፋቴን እንኳ ወስዳ በኔው ጥፋት ከእኔ በለጠች። ሰው በዚህ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ጋሼ ይሁኔ በመጨረሻ ዘመኑ ደብረ ወርቅ፣ እልጅ ልጁ ቤት ነበር። ታመመ ሲባል በሚኒባስ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ቀሎኛል ብላኝ ነበር ጋሼ፤ አትክፈቱት ያልሁ እኔ ነኝ፤ ብዬ ልነግረው። ገብቼ ጉልበቱን ሳምሁ። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ለየኝ። ቀና አለና «እማዋይሽ እንዴት ናት?» አለኝ። እንዴት ነሽ ሳይለኝ። ያን ሁሉ መንገድ ይዤው የሄድሁትን ነገር ተውሁት። «ደኅና ናት» አልሁና ያመጣሁለትን ብርቱካን አስቀምጬ ተመለስሁ። ያን ክረምት አረፈ።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ ልመለስ። እማዋይሽ «እሷን ጠይቋት» ስትል ሁሉም ወደኔ ዞረ። ተነሣሁ። ንግግር አላዘጋጀሁም፤ አፌን ስከፍት የጋሼ ይሁኔ ቃል ወጣ። ቃሉ ከባሕር ማዶ ነው አልኋቸው። ሁለትና ዐሥር፤ በግእዙ ዐሥርና ሁለት። ሰሚራ ደስ ብሏት ስልኳን አውጥታ መቅዳት ጀመረች። አቆጣጠሩን ላሳያት ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁና አውራ ጣቴን አንጓ ላንጓ አስኬድሁ። ትንሿ፣ የቀለበቷ፣ መሐሏ። አመልካች ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ ላይ ስደርስ አልሄድ አለኝ። እጄ አየር ላይ እንዳለ ሁሉንም ተናገርሁ። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ምላጩ፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ስለ ሰጠችው ልጅ።

«እማዋይሽ ቀሎኛል ብላኝ ነበር» አልሁ። «ሰድቤ ዝም አሰኘኋት። ሃያ ዓመት የያዝሁት ቁልፍ የሷ ነው። ጥፋቴን ተሸክማልኝ ኖረች።»

አለቃው ሰዓቱን አየ። ሰው ለስላሳውን እንደ ያዘ ቀረ። እኔ እማዋይሽ ተነሥታ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለዚያም ለቸርነቷ ልቤ አስቀድሞ መቅናት ጀምሯል። እሷ ግን አልሳቀችም። ከተዋወቅን ጀምሮ ፊቷን ያለ ሳቅ ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምንም አልተሸከምሁልሽም» አለች። «አንች ልታስፈርሚ ስትሄጅ አንዱን ከፍቼ ቆጠርሁት። ዐሥር ነበር። መልሼ አሸግሁት።»

«ምነው?» አልኋት።

«አስቀናሽኛ! ያን ጽሕፈትሽን ለመጣ ሰው ሁሉ ገልጦ ያሳይ ነበር። የእኔን መዝገብ አንድ ቀን ለማን አሳየ? ደጀን የላከም አንችን አምኖ ነው፤ እኔን ብቻዬን ማስቀመጥ ፈርቶ ነው ከሥሩ ያስቀረኝ። ‹የታሸገ ዕቃ ነው› ስትይኝ፣ እስቲ ትታይ ብዬ ተውሁት። ቶሎ የሚታይ መስሎኝ ነበር። ያልሽውን አምነው እስከ ፈተናው ሳይከፍቱት ይቆያሉ አላልሁም። ጥፋቱ የኔ ነው ስል፣ የኔ ስለሆነ ነው።»

ተቀመጥሁ። ሃያ ዓመት በቸርነቷ ስቀና ኖርሁ፤ ቸርነት አልነበረም፤ እሷ እውነቷን ተናግራ ጨርሳለች፣ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። በዚህም ቀድማኛለች። ጋሼ ይሁኔ ያን ቀን ሁለት ባዶ አንጓውን ዘርግቶ ብዙ ጊዜ ሲያየን፣ እኔ ወደሷ የሚያይ መስሎኝ ነበር። እሷንም ጠየቅኋት፤ እሷ ደግሞ ወደኔ የሚያይ መስሏት ኖሯል።

ያን ጊዜ ሰሚራ ስልኳን አስቀምጣ «ልጅቷስ?» አለች።

«የትኛዋ ልጅ?» አለች እማዋይሽ።

«ወረቀቷን በሁለት እጇ የሰጠችው። አለፈች? ምን ሆነች? ማን ትባላለች?»

እማዋይሽ ወደኔ አየች፤ እኔ ወደሷ አየሁ። ሁለታችንም አናውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያችን ቀን በየልባችን ስናነሣና ስንጥል፣ አንዳችንም የልጅቷን ስም ጠይቀን አናውቅም።

መምህር አንማው በሕይወት አለ። ጡረታ ወጥቶ እዚያው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ንብ ያነባል ብለውናል። ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ አብረን ልንሄድ ቀጠሮ ይዘናል፤ ከአስፋልቱ በታች ያለውን በእግራችን እንወርደዋለን፤ ጉልበታችን ከቻለ። ስሟን ጠይቀን፣ የት እንዳለች አጣርተን፣ በሯ ላይ ቆመን የምንነግራትን እያሰብን ነው። ትናንት እማዋይሽ ደውላ «መምህር አንማውን እኔ ልጠይቀው፤ የቆጠርሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«የለም፣ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ አትክፈቱት ያልሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

እስካሁን አልተስማማንም።